የአባቷ ስም

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1971

ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ። ቤት ውስጥ እኔ ብቻ፣ እንደ ወትሮው። ሰፌዱን ጨረስኩ።

የጎረቤቶቼ የነዶላሞ ቤት ይጨሳል። ግን ሚስቱን አስካልን ውሃ ስትወርድ ካየኋት ቆየሁ። ጭሱን እያየሁ አሉ ብዬ...

ከሰዓት ሄድኩ። ልጃቸው ሙሉነሽ ብቻዋን። ገና ሰባት ዓመቷ። ድስቱ ውስጥ ውሃ ብቻ ይፈላል።

«እናትሽስ?»

«ገበያ ሄደች።»

«ገበያ ቅዳሜ አይደል፣ የኔ ልጅ?»

እሳቱን ቆሰቆሰች። «እማዬ ጭስ ካዩ ሰው አለ ይላሉ፣ ማንም አይመጣብሽም ብላኛለች።»

ለካ እናቷ ከአባቷ ጋር ለጸሎት እንደወጡ ቀርተዋል። ጸሎት ቤታቸውን መንግሥት ከዘጋው ወዲህ ተደብቀው በየሰው ቤት ነው የሚሰበሰቡት። ተይዘው ይሆን?

ቤቴ አምጥቼ ጎደሬ አበላኋት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

ገበያ ወጣሁ። ከገጠር ጎደሬ የሚያመጣውን ኤርጎን ጠየቅኩት። አብሯቸው ይጸልያል። «እኛ ጋ አልደረሱም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ፖሊስ ጋ ሄጄ ብጠይቅስ? ምንሽ ናቸው ቢሉኝ?

እሑድ፣ ጥቅምት 12

የቀበሌው ጥበቃ ደምሰው መጣ። አዲስ ነው፣ ሰው ገና አይለይም።

«ዶላሞ የቀበሌ ስብሰባ ቀረ። እዚያ ቤት ጭስ ብቻ ነው እንዴ የሚኖረው?» ሳቀ። «ነገ ይታሸጋል። ልጅ አላቸው ይባላል፣ አርባ ምንጭ ማሳደጊያ ትላካለች።» ሙሉነሽን አያት። «ይቺስ የማን ናት?»

«የኔ።»

«አረጋሽ ብቻዋን ነው የምትኖረው ብለውኝ ነበር።»

«ዘመድ ጋ ነበረች፣ ሃና ከተማ። የሟቹ ባሌ የተገኝ ልጅ ናት፣ ነፍሱን ይማርና።» ይህን ውሸት ከየት አመጣሁት?

«እንግዲያው ነገ ትምህርት ቤት አስመዝግቢያት። ሄጄ አያለሁ።»

ሲሄድ ነገርኳት። የአባትሽን ስም ሲጠይቁሽ ተገኝ በይ፣ አለዚያ ይወስዱሻል...

«አባዬ በስሙ ቢፈልገኝስ፣ እትዬ አረጋሽ?»



ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ትናንት ጠዋት ያደረግኩት ይሄ ነው። ሳይነጋ ተነሳሁ። ፊቷን አጠብኳት። ጸጉሯን ጎነጎንኩላት። ዝናቡ እስኪያባራ ደጃፍ ቆምን። ከዚያ ትምህርት ቤት።

«ስምሽ ማነው?» አላት አስተማሪው።

«ሙሉነሽ።»

«የአባትሽስ?»

እኔን አየችኝ። ከዚያ መሬቱን።

«ተገኝ» አለች።

ክፍል አስገባኋት። ስመለስ በነዶላሞ ደጅ ማለፍ አቃተኝ። በወንዙ በኩል ዞሬ ገባሁ።