ያቃናሁት ፎቶግራፍ

ውድ ወንድሜ ፉርቃን፣

ወራቤ ከገባህ ወዲህ ደብዳቤ ቀርቶ ስልክ እንኳ ደውዬልህ አላውቅም። ዛሬ የምጽፍልህ ልጅህ ሉብና ትናንት ቤቴ መጥታ የነገረችኝ ነገር ዕረፍት ስለነሣኝ ነው።

«ጋሼ ዘመንፈስቅዱስ፣ አባዬ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች መጽሐፍ ላደርጋቸው ነው» አለችኝ። «አንዱን ብቻ እንዳታስገቢ ብሎኛል፤ የአትክልት ተራውን። አበላሽቼዋለሁ ይላል። ከዚያ ወዲህ እኮ መንገድ ላይ ካሜራ አንሥቶ አያውቅም!»

ፉርቃን፣ አንተ አላበላሸኸውም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ተክለ ሃይማኖት አጠገብ በነበረችው ስቱዲዮአችን አሥራ አራት ዓመት አብረን ሠራን። እኔ የደንበኛውን ትከሻ አስተካክዬ፣ አገጩን ቀና አድርጌ አነሣ ነበር። በሩን ከፍቶ የሚገባው ሁሉ ግን የሚጠይቀው አንተን ነው። ሽቶ ነጋዴዋ ሀስና ፊቴ ቆማ፣ «ፉርቃን የለም? በቃ ነገ እመለሳለሁ። እርስዎ ሲያነሡኝ መታወቂያ የማወጣ ነው የሚመስለኝ» ያለችበትን ቀን አልረሳውም። አንተ ሣቅህ፤ እኔ አልሣቅሁም።

አንድ ማለዳ ከአትክልት ተራ ተመልሰህ፣ ለነጋዴዎች ማኅበር የቀን መቁጠሪያ ውድድር የምታቀርበውን ፊልም እንዳትምልህ ሰጠኸኝ። በፎቶግራፉ ውስጥ ከጭነት መኪና ወደ መሬት በተዘረጋ ሳንቃ ላይ ሽንኩርት የተሸከሙ ሰዎች ይወርዳሉ። ካሜራውን ጋደል አድርገህ ስለያዝኸው ሳንቃው ከላይኛው ግራ ጥግ እስከ ታችኛው ቀኝ ጥግ ፎቶግራፉን በሰያፍ ሰንጥቆታል። «ሰያፍ መስመር ዓይንን ይዞት ይሮጣል፤ አግድም መስመር ግን ያስተኛዋል» ትለኝ ነበር። በጨለማው ክፍል ውስጥ የማጉያው ብርሃን ሲበራ፣ ሰዎቹ ከወረቀቱ ወጥተው እግሬ ላይ የሚወድቁ መሰለኝ። ቀናሁብህ።

ወረቀቱን አዙሬ ሳንቃውን አግድም እስኪሆን አቃናሁት፤ ጥጎቹንም ቆረጥሁ። ይሮጡ የነበሩት ሰዎች ሰልፍ የያዙ መሰሉ።

አንተም እትሙን አገላብጠህ አየኸው። «እኔ ያየሁት ሌላ ነበር። ዓይኔ ዋሸኝ ማለት ነው?» አልኸኝ።

«ሲጣደፉ እንዲህ ነው» አልሁህ።

ዋናውን ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ ልይ አላልህም፤ አታሚህን ታምን ነበርና። እኔም የራሴን ፎቶግራፍ አቅርቤ ነበርና ውድድሩን አሸነፍሁ።

ለሉብና ይህን ሁሉ ነገርኋት። እሷም፣ «ከእኔ አፍ አይሰማውም፤ እርስዎ ራስዎ ይጻፉለት» ብላኝ ተነሥታ ሄደች።

ዛሬ ጠዋት፣ ደብቄ ያቆየሁትን ኔጋቲቭ ሰባተኛ ሰፈር ወዳለ ፎቶ ቤት ወስጄ አንተ እንዳየኸው አሳተምሁት፤ ከነኔጋቲቩ ልኬልሃለሁ። ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት ግን እውነቱን ልንገርህ፦ እትሙን ስቀበል መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አልነበረም። ያው የጥንቱ ቅናት ነው። ጸጸቱ የመጣው መንገድ ላይ፣ ዘግይቶ ነው። ይህን ደብቄ ይቅር በለኝ ብልህ ሁለተኛ ማታለል ይሆንብኛል።

ሉብና ፎቶግራፉን የመጽሐፉ ሽፋን ታድርገው። ለምን ይህን ያህል ዘመን ተደብቆ እንደኖረም ከነስሜ ትጻፍ፤ አልቃወምም። አንተ ግን ካሜራህን አንሣ፤ ዓይንህ አንድም ቀን አልዋሸህም።

ያኔ የቀናብህ፣ ዛሬም የሚቀናብህ፣
ዘመንፈስቅዱስ