የሳተላይቷን ሰዓት የመዘገቡት የአቶ ጎበና ሌንጮ ታሪክና ሳይነገር የቆየው ምስጋናቸው

አቶ ጎበና ሌንጮ ከአባታቸው ከኦቦ ሌንጮ ኦዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዱርሲቱ ጉታ በታኅሣሥ ወር 1932 ዓ.ም. ቡራዩ አጠገብ፣ ገፈርሳ በሚባለው ስፍራ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት መናገሻ ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አዲስ አበባ አጎታቸው ቤት ሆነው ተከታትለዋል። የአጎታቸውን ሬዲዮ ፈታትተው መልሰው መግጠም ቢያቅታቸው ሁለት ቀን ከቤት እንደጠፉ ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በ1951 ዓ.ም. የሬዲዮ ቴክኒክ ሥልጠና ወስደው በአንድ የሕዋ ጥናት ጣቢያ ተቀጠሩ። በ1955 ዓ.ም. ከወይዘሮ ያለምወርቅ አበራ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው በ1957 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸውን መሰረትን ወለዱ። ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቼ የማነበውም እኔው መሰረት ነኝ።

በዚያው ዓመት ጥቂት አገሮች ተባብረው አንዲት የምርምር ሳተላይት ለማምጠቅ ዕቅድ ያወጡ ነበር። ሳተላይቷ የምታጠናው የሬዲዮ ሞገድን መልሶ የሚያነጥረውን የላይኛውን የአየር ክፍል ነው። ባትሪዋ ደካማ ስለነበር መሣሪያዎቿ በቀን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ መከፈት ነበረባቸው። የትኞቹ ሰዓታት እንደሚመረጡ የሚወሰነው ደግሞ የሞገዱ ኃይል በየሰዓቱ ተለክቶ ከየጣቢያው በሚላክ መዝገብ ነበር። የእኛን አገር ጣቢያ መዝገብ በፈረቃ የሚይዙት አባታችንና ባልደረባቸው አቶ አህመድ ዲኖ ነበሩ።

ኦቦ ጎበና ሰዓት ሲጠየቁ “በየትኛው አቆጣጠር?” ሳይሉ እንደማይመልሱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለሃያ ሁለት ዓመት የእድራችን ጸሐፊ ሆነው ሲያገለግሉም የቀብር ሰዓት በአገራችንም በፈረንጅም አቆጣጠር ጽፈው ይለጥፉ ነበር። እኛ ልጆቻቸው በዚህ ስንቀልድባቸው ኖረናል። ምክንያቱን የነገሩን ባለፈው መስከረም፣ የኩላሊት ሕመሙ አልጋ ላይ ካዋላቸው በኋላ ነው። እኔ እንድጽፍ አዘዙኝና ሲጨርሱ “ይቺን ሳታነቡ እንዳትቀብሩኝ” አሉ። የሕይወት ታሪክ ላይ የሟች ጥፋት እንደማይነበብ ብነግራቸው ተቆጡኝ። ስለዚህ እንደታዘዝኩ አነባለሁ።

አባታችን ለሦስት ወር ያህል ሰዓቱን የመዘገቡት በአገራችን አቆጣጠር ነበር። ቀትር ላይ ያነበቡትን ስድስት ሰዓት ብለው ይጽፋሉ፤ ዕቅድ አውጪዎቹ ደግሞ ማለዳ ነው ብለው ያነቡታል። በዚህ መዝገብ ቢወሰን ኖሮ ሳተላይቷ ሕዋ ላይ ደርሳ መሣሪያዎቿ የሚከፈቱት ባልተፈለገ ሰዓት ነበር። ስህተቱን ያገኙት አቶ አህመድ ናቸው፤ የቀትር ፀሐይ የሚያመጣው የሞገድ ኃይል ማለዳ ላይ ተመዝግቦ ቢያዩ ግራ ገብቷቸው ሉሁን ሁሉ አገላብጠው አረሙት። የታረመው መዝገብ ዕቅዱ ሊጸድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደረሰ።

ይሁን እንጂ ተጠያቂ ተፈለገ። በመዝገቡ ላይ አኃዝ እንጂ ስም የለም። አለቃው ሁለቱንም አቁመው ማን እንደጻፈው ጠየቁ። አባታችን ዝም አሉ። አቶ አህመድ “እኔ ነኝ” አሉ፤ በማግሥቱም ከሥራ ተሰናበቱ። ያኔ እኔ የአሥራ ዘጠኝ ቀን ልጅ ነበርኩ።

አባታችን ከሦስት ወር በኋላ አቶ አህመድ ሰበታ ወደከፈቱት የሬዲዮ መጠገኛ ሄደው እውነቱን ለአለቃው ሊናገሩ መሆኑን አስታወቁ። አቶ አህመድ ግን ብየዳቸውን ሳያቋርጡ “እኔ ቤት አንድ አፍ ነው ያለው፤ አንተ ቤት ሦስት ነው። ሂድ ልጅህን አሳድግ” አሏቸው። አባታችንም ሄዱ። ሳተላይቷ መጠቀች፤ አባታችን የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው፤ እስከ ጡረታቸው እስከ 1987 ዓ.ም. ድረስም በዋና ቴክኒሻንነት አገለገሉ። ሳሎናችን ተሰቅሎ ያያችሁት ያ ወረቀት ነው። የአቶ አህመድ ስም የለበትም።

ሁለቱ ግን አልተለያዩም። እኛም ያደግነው የፋሲካን በዓል እኛ ቤት ከእሳቸው ጋር፣ የኢድን ደግሞ እነሱ ቤት ስንበላ ነው። እኔ፣ ወንድሜ እስራኤልና እህቴ ፀደንያ ተምረን ለወግ ለማዕረግ የበቃነው አቶ አህመድ በለቀቁት ሥራ መሆኑን ስናውቅ አፈርን፤ ከዚያም አመሰገንን፤ አሁንም እናመሰግናለን።

አባታችን በቤተሰባቸው ፍቅርና በሐኪሞች ርዳታ ሲታገዙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ85 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና እነ ሄመንን ጨምሮ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ሰዓትን ሁሉ የሠራ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች ማረፊያ ይቀበልልን፤ በሕመማቸውም በኀዘናችንም ከጎናችን ያልተለያችሁ ሁላችሁ ብድራችሁን ይክፈልልን።

አቶ አህመድ ዲኖ እዚህ መካከላችን አሉ፤ በምርኩዝ ስለሚሄዱ እባካችሁ መንገድ ልቀቁላቸው። አባታችን የመጀመሪያውን አፈር እሳቸው እንዲያለብሷቸው ለምነው ነበር፤ እሺ ብለዋል።