የሚነደው እጅህ

ውድ ወንድሜ ጃጎ፣

ማክሰኞ ከአክስታችን ቤት የጻፍከው ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። በግራ እጅህ እንደጻፍከው ያስታውቃል፣ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። ግን አነበብኩት። «ክሌም፣ እጄ እንደ እሳት እየነደደ ነው፣ እንዳልከው እየመጣልኝ ነው!» ትላለህ። ወደቡ የሰጠህን የምልክት ሥራም አልፈልግም ልትላቸው ነው። ሁለት ዓመት ጠብቀህ ወደ ጀልባችን ልትመለስ።

ቆይ፣ እንዳትላቸው። መጀመሪያ ይሄን አንብብ።

እኔን ታውቀኛለህ። በፕሊማውዝ ወደብ እንደኔ የመረብ መሳቢያውን ማሽን፣ ዊንቹን፣ የሚነዳ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። ነርቭ ለሚያጠኑበት ቤተ ሙከራ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ከነነፍሱ የምናደርሰው እኛ ብቻ ነን፣ ሌላው የሚያመጣላቸው ሬሳ ነው። ፕሮፌሰር የተባለ ሁሉ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው የኔን ባልዲ ነው። ለዚህ ነው ሆስፒታል አልጋህ አጠገብ ቁጭ ብዬ «ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያድጋል፣ ከትከሻህ እስከ ጣትህ ሁለት ዓመት ነው፣ እዛ ሰዎቹ ጋ የሰማሁት ነው» ስልህ ያመንከኝ። «አንተ ጉረኛ፣ ዛሬ ገና የሚረባ ነገር ተናገርክ» ብለህ ሳቅክ። ከአደጋው በኋላ መጀመሪያ የሳቅከው የዛን ቀን ነው፣ ከዛ በፊት ግድግዳውን ነበር የምታየው።

ማደጉስ ያድጋል። ያንተ ግን አያድግም። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነግሮኛል። «ነርቩ ክንዱ ላይ ተቆርጦ ቢሆን ተስፋ ነበረው፤ የሱ ግን ከአከርካሪው ነው የተነቀለው።» አንተ ያኔ በማደንዘዣ ተኝተህ ነበር። «እኔ እነግረዋለሁ» አልኩት። አልነገርኩህም።

ትናንት ደብዳቤህን ሳነብ ግን ሐኪም ምን ያውቃል አልኩና ቤተ ሙከራ ሮጥኩ። ሚስ ሃርትኖል፣ ያቺ ስኩዊዱን እየሰነጠቀች ነርቩን የምታወጣው፣ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች።

«ወንድሜ እጁ ነደደ! አደገ ማለት ነው፣ አይደል?»

«ክሌም፣ ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም። አዎ በይኝ ብቻ!»

«ምነው ዛሬ ጉራውን ተውከው?» ብላ ቀና አለች። ፊቴን ስታይ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

ከስኩዊዱ ያወጣችውን ነጭ ክር አሳየችኝ፣ ውፍረቱ የክብሪት እንጨት ግማሽ የሚያህል። «ይሄ የነርቭ ሴል ጅራት ነው። ያንተና የወንድምህ ከጸጉር የቀጠነ ነው እንጂ ሥራው አንድ ነው። ሴሉ እንደ ዛፍ ሥር በተበታተኑ ቅርንጫፎቹ ወሬ ይቀበላል፣ የተቀበለውን በዚህ ጅራት ይልከዋል።» የኤሌክትሪክ ሽቦ ስታስነካው የነርቩን ወሬ የሚያሳየው ማሽን ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር ብድግ አለች። እንስሳው ሞቷል እኮ፣ ጃጎ! ክሩ ግን ገና ይናገራል።

«ቀጥሎ ካለው ሴል ጋር ታስረዋል?»

«አልታሰሩም። መሃላቸው በዓይን የማይታይ ክፍተት አለ። መልእክቱ ጫፍ ሲደርስ ሴሉ ትንሽ ኬሚካል ይረጫል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ይቀበላል። ያኛው ካልረጨ ይሄኛው ምንም አይሰማም።»

«እሺ፣ እሳቱስ?»

«እሳቱ እጁ ላይ አይደለም። አከርካሪው ውስጥ ከእጁ ወሬ የሚጠብቁ ሴሎች አሉ። ወሬ አምጪው ክር ተነቀለባቸው። እነሱ ግን ዝም አይሉም፣ ለራሳቸው ይጮኻሉ። አንጎሉ ጩኸቱን ሲሰማ እጄ ነደደ ይላል።»

እንግዲህ በግልጽ ልጻፈው። እጅህ አይመለስም።

ሌላም አለ። አደጋው የደረሰብህ የመረቡ ገመድ በስብሶ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። አንተ ስኩዊዱ እንዳይጨፈለቅ መረቡን በእጅህ ደግፈህ «ቀስ በል፣ ክሌም!» ብለሃል። ሰምቼሃለሁ። ከጎናችን ያለው ጀልባ ላይ ልጆቹ እያዩኝ ነበርና ፍጥነት ላሳያቸው ብዬ በዊንቹ ሳብኩት። ገመዱ ክንድህን ጠልፎ ጎተተው። ያን ቀንም ስኩዊዶቹ ከነነፍሳቸው ደረሱ። ፕሮፌሰሮቹ «ጎበዝ» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት የወደቡን ሹም አናገርኩት። «ወንድምህ አሻፈረኝ ሊል ነው አሉ» አለኝ። «እኔ ነኝ ያሳሳትኩት» አልኩት። እስከ ቅዳሜ ቀትር ይጠብቅሃል። ሥራው ባንዲራ መስቀልና መብራት ማብራት ነው፣ አንድ እጅ ይበቃዋል። መጥተህ ፈርም። እኔን ማየት ካልፈለግህ ያን ቀን ወደቡ ላይ አልገኝም።

እሳቱ መቼ ይበርዳል ብዬም ሚስ ሃርትኖልን ጠይቄያት ነበር። መልሷን አልጽፍልህም ብዬ ነበር፣ ግን እስከ መቼ እዋሽሃለሁ። «ላይበርድም ይችላል» ነው ያለችኝ።

ወንድምህ፣
ክሌም