የቃሬዛችንን መንገድ ስለያዘው የኔትወርክ ምሰሶ

ለተከበሩ የከተማችን የመንገድ ዳር ተከላ ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እኛ በላስታ ብርድ፣ በጠበበው መንገዳችን እየተጋፋን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእርስዎ ጤና፣ የወንበርዎ ጤና፣ በተለይም የማኅተምዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል?

ይህን የምጽፈው የላይኛው ሰፈር የእድር ዳኛ ባምላክ ነኝ። ከሰፈራችን ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው ብቸኛ መንገድ ላይ፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ የኔትወርክ ምሰሶ እንዲተከል ስለፈቀዱልን ምስጋናዬን በየተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ቶይባ ሽንኩርቷን ከፀሐይ የምታስጠልልበትን ሸራ «መንገድ ያጠባል» ብለው አስነስተው፣ በዚያው ቦታ ብረት ስላስተከሉ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ጣሪያዬን በአዲስ ቆርቆሮ እንዳልለውጥ «የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ቅርስ ገጽታ ያበላሻል» ብለው ከከለከሉኝ በኋላ፣ ከጣሪያዬ በላይ የተገተረ ምሰሶ ለቅርሱ ስለጨመሩለት እጅ ነስቻለሁ። ዝናቡ አልጋችን ላይ ሲንጠባጠብ እሱን እያየን እንጽናናለን።

ሦስተኛውን ስጽፍ ግን ትሕትናዬ ያልቅብኛል። መሐንዲስዎ በምሰሶውና በመንገዱ ዳር ባለው ግንብ መካከል ራሱ አልፎ «ሰው ያሳልፋል» ብሎ መስክሯል። እውነቱን ነው፤ አንድ ሰው፣ ያውም በሕይወት ያለ፣ ያሳልፋል። እኛ ዘንድ ግን መንገድ የሚለካው በቃሬዛ ነው፤ ሟች የሚወጣው በአራት ሰው ትከሻ ነውና። እማሆይ አመተ ሥላሴ ያረፉ ዕለት ቃሬዛው ምሰሶው ዘንድ ሲደርስ አላልፍ አለ። ካህናቱ ጸሎታቸውን አቋርጠው ቆሙ፤ እኛም እማሆይን እንደ ገብስ ጆንያ በቶይባ አጥር ላይ ተቀባበልናቸው። የተጠቀለሉበትን ሰሌን እሾህ ያዘው። ቶይባ አጥሯን በገዛ እጇ እያፈረሰች ታለቅስ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንንም ሳያስቸግሩ የኖሩ መነኩሲት ነበሩ። ተቃጥያለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ለዚህ ጨዋ ቃል አጣሁለት።

አቤት ብንል፣ ደንቡ ምሰሶ ከቤት ምን ያህል እንደሚርቅ እንጂ ስለ ሬሳ አይናገርም ተባልን። ደንብ አውጪዎቻችን የማይሞቱ መሆናቸውን ባለማወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ኔትወርኩን የጠላ የለም፤ ምሰሶው ከመንገዱ ወጥቶ ከበላይ ወዳለው ባዶ ሜዳ ይዛወርልን ነው ያልነው።

በማኅተምዎ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ በምሰሶዎ ሥር ደግሞ በጎኑ ሾልኮ የሚያልፈው

ባምላክ ወልደ ሩፋኤል

ማስታወሻ፦ አባቴ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል አልጋ ከያዙ ሰነበቱ። ትናንት ጠርተውኝ «ልጄ፣ እኔንም በአጥር ነው የምታሻግሩኝ?» አሉኝ። መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥሁ። እባክዎ ይፍጠኑልን፤ ሞት እንደ ጽሕፈት ቤትዎ «ነገ ተመለስ» አይልም።