ሁለት ቤት የሚኖርባት ደሴት

ውድ እቴቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ስደውል ልጅሽ ታነሳና «ደህና ናት አጎቴ፣ ጋደም ብላ ነው» ትለኛለች። አንቺ በቀን ጋደም ማለት ከጀመርሽ ዓለም ተገልብጣለች ማለት ነው። ለማንኛውም ይህን የጻፍኩልሽ በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው። በስልክ ገና አፌን ስከፍት ታቋርጪኛለሽ፤ ወረቀት ላይ ግን እስከ መጨረሻው መታገስሽ የግድ ነው።

ዋሽቻለሁ። እንደሳቅሽ ይታወቀኛል። አርባ ዓመት ሙሉ ጎብኚ እያስከተልኩ ስዋሽ ስለኖርኩ ምን አዲስ ነገር አለ ትዪ ይሆናል። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። እንግዳ በማይመጣባቸው የዝናብ ወራት ጀልባው በሳምንት ሁለቴ የሚመጣው ደሴቷ ላይ ቢያንስ ሁለት ቤት ሰው ሲኖርበት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ማክሰኞና ቅዳሜ ጀልባው ከመድረሱ በፊት፣ ትተሽው የሄድሽውን ሰማያዊ ቀሚስና ሁለቱን ሻርፖች ውሃ እየነከርኩ በረንዳሽ ላይ እሰቅላለሁ። ደረቅ ልብስ እንዳያሳብቅብኝ ብዬ ነው። ጀልባው ሲሄድ አውርጄ አጣጥፌ አስቀምጣለሁ። ሦስት ወር እንዲህ ከርሜ፣ ቀሚስሽ ሳትለብሺው ነጣ።

በእንግዳ ወራት እንኳ ያለ አንቺ ሥራው ሥራ አልሆነልኝም። አንቺ እያለሽ እንግዶቹን ከወደቡ አስነስቼ፣ በጥቁሩ ድንጋይ በኩል አዙሬ፣ የባሕር ውሃ ይደርቅባቸው የነበሩትን የጨው ገበታዎች አሳልፌ ግንቡ ስር አደርሳቸዋለሁ። «ይህን ግንብ ያሠራው አንድ ንጉሥ ነው፤ ልጁ ያልፈቀደላትን ሰው ብትወድ ሰባት ዓመት አሰራት» እላለሁ፣ አፌን ሞልቼ። ያኔ አንቺ በወጥ ቤትሽ መስኮት አንገትሽን ታወጪና፣ «ኧረ እግዜርን ፍራ! የጨው መጋዘን ነው! አያታችን ወገቡ እስኪጎብጥ ጨው የተሸከመበት መጋዘን ነው!» ትያለሽ። እንግዳው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ያፈርኩ እመስላለሁ፤ አንቺ ደግሞ እጅሽን በሽርጥሽ እየጠረግሽ ወጥተሽ እውነቱን ታወሪላቸዋለሽ፤ የጨው ሠራተኞቹ እግር እንዴት ይሰነጠቅ እንደነበር፣ መርከቦቹ መምጣት ሲያቆሙ ሰው ቤቱን እየዘጋ እንዴት እንዳለቀ። በእኔ ውሸት መጥተው በአንቺ እውነት ይመለሱ ነበር።

ከሄድሽ በኋላ በነበሩት ሁለት የእንግዳ ወራት ግን ማንም አላቋረጠኝም። ልዕልቲቱን ከጠራሁ በኋላ በልማድ ዝም እልና ወደ መስኮትሽ አያለሁ። መስኮቱ ዝግ ነው። እንግዶቹ ያልኩትን ሁሉ አምነው ይጽፋሉ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ለታሰረችው ልጅ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ ደስ እንደማይል ግን የነገረኝ የለም።

አሁን ደግሞ እነሱም የሉም። ዝናቡ የጨው ገበታዎቹን ሞልቶ ሰማዩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ወርዷል። ደሴቷን ዞሬ ለመጨረስ ድሮ ከእንግዳ ጋር ሁለት ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፤ ብቻዬን ስሆን አንድ ሰዓት አይሞላም። ባለፈው በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ነጫጭ ወፎች በአንዴ ሲነሱ አይቼ «እዩ! እዩ!» ብዬ ጮህኩ። ዞር ስል ማንም የለም። ወደ ቤቴ ገብቼ የዚያን ቀን አልወጣሁም።

ቅዳሜ ዕለት ከጀልባ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው አዲስ ስለሆነ ጭቃውን እየዘለለ ነበር የሚራመደው። ካፒቴኑ ከኋላው ቆሟል።

«ሁለተኛው ቤት የማን ነው፣ አባት?»

«የእህቴ።»

«አሉ?»

«አለች እንጂ! የት ትሄዳለች?» አልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ላነጋግራቸው እችላለሁ?»

«ጉልበቷን አሟት ተኝታለች። ብትቀሰቅሳት አንተም እኔም አንተርፍም።»

ወጣቱ ሳቀ። የተሰቀለውን ቀሚስ አየ። ካፒቴኑ አንቺንና ሦስት ሻንጣሽን ራሱ እንዳልጫነ ሁሉ ባሕሩን ያያል። ወጣቱ ጻፈና፣ «በቃ፣ ሁለት ቤት። ጀልባው ይቀጥላል» አለኝ። አለቀ፤ ተሳካልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ አሳምሬ ዋሽቼ አላውቅም።

እኔ ግን በልማዴ ዞር አልኩ። ወደ መስኮትሽ እያየሁ ጠበቅኩ። ነፋሱ ብቻ ነበር።

«አባት፣ ምን ሆኑ?»

«ውሸቴን ነው» አልኩት። «የለችም። ከሄደች አምስት ወሯ ነው። ልብሱን የምሰቅለው እኔ ነኝ።»

ካፒቴኑ «ምነው አጎቴ፣ ጨርሰውት ነበር እኮ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ወጣቱ የተሰቀለውን ቀሚስ መልሶ አየ። ከዚያ ጽሑፉን ሰረዘና፣ «አዝናለሁ፤ ደንቡ ነው» አለኝ። እኔ ስለ ጀልባው አልነበረም እንባዬ የመጣው። «የለችም» የሚለውን ቃል ከአፌ ያወጣሁት ያን ዕለት ገና መጀመሪያዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝልሽ። ስትሄጂ «ና አብረን እንሂድ፤ ልጅቷ ትርፍ ክፍል አላት» ብለሽኝ ነበር። «ደሴቷን ለማን ትቼ?» ብዬ ተኮፈስኩብሽ። ወደብ ድረስም ያልሸኘሁሽ እንግዳ ይዤ ነው ብዬሽ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት አንድም እንግዳ አልነበረኝም። ግንቡ ጀርባ ቁጭ ብዬ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ስሰማ ነበር። ፈርቼ ነው፣ እቴቴ። እዚህ ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው፤ እዚያ የትኛውን አውቶቡስ እንደሚሳፈር የማያውቅ ሽማግሌ ነኝ። እሱን እንዳታዪብኝ ብዬ ብቻሽን ሰደድኩሽ። ይቅር በይኝ።

ይህን ደብዳቤ ካፒቴኑ ማክሰኞ ይዞልኝ ይወጣል። የመጨረሻው ጀልባ ቅዳሜ ነው፤ እኔም አለሁበት። የሁለታችንንም ቤት መስኮቶች ቸንክሬያለሁ፤ ጉድጓዱን ከድኛለሁ። ዝናቡ ሲያበቃና እንግዶቹ ሲመጡ እመለስ እንደሆነ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽሽም።

ጀልባው እናንተ ወደብ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል አሉኝ። አድራሻሽን ወረቀት ላይ ይዣለሁ፤ ግን ከወደቡ ወደ የት እንደሚታጠፍ እንኳ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስመራ ኖሬ መንገድ ጠይቄ አላውቅም። መጥተሽ ውሰጂኝ። ጉልበትሽ እምቢ ካለ ልጅሽን ላኪያት፤ ብቻ አንቺ ብትመጪልኝ ይሻለኛል።

ታናሽ ወንድምሽ