ሰው ባያይም ሰሙን የጨፈለቁት የጋሽ ቁልፉ የሕይወት ታሪክ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሽ ቁልፉ እያለ የሚጠራቸው አጎታችን ከአንጥረኛ አባታቸውና ክር ከሚሸጡ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። አንድ ቀን የአስተማሪያቸውን መሳቢያ፣ ቁልፉ ቢጠፋ፣ በሽቦ ከፈቱለት። አስተማሪው አመሰገናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቦርሳውን ከአጠገቡ አላራቀም።

በ1964 ዓ.ም. ገበያው መግቢያ ላይ ጠባብ የቁልፍ ሱቅ ከፈቱ። በዓመቱ ልብስ ሰፊዋን ባለቤታቸውን በቤተ ክርስቲያን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። የመጣላቸውን ቁልፍ ሰም ላይ አትመው ምትኩን ከሞረዱ በኋላ፣ ሌላ ቅጂ እንዳይወጣበት ደንበኛው እያየ ሰሙን በመዳፋቸው ይጨፈልቁት ነበር። ያልታመነ ቁልፍ ሠሪ ጦሙን ያድራልና።

ሙያውን ያስተማሩት፣ ከማዕዳቸው ያበሉት ሰው ፊት ለፊታቸው ሱቅ ሲከፍት መረቁት። እሱ ግን ውሎ ሳያድር «ጋሽ ቁልፉ የሰው ቁልፍ ቅጂ ያስቀራሉ» ብሎ ወሬ ነዛ። ደንበኛ ሸሸ። ባለቤታቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ «የማዶው» እንጂ በስሙ ጠርተውት አያውቁም ነበር።

በ1989 ዓ.ም. የማዶው ከመሰላል ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰበረ። ጋሽ ቁልፉ የራሳቸውን ሱቅ ከሰዓት እየዘጉ የእሱን ሥራ ይሠሩለት ጀመር። ባለቤታቸው ደማቸው ፈላ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! አንድ ቤት ቢሰረቅ ጣት የሚቀሰረው በማን ላይ ነው?» አሉ። እሳቸውም «ጌታ ውደዱ ያለን ወዳጅን ብቻ ቢሆን ማን ያቅተው ነበር?» ብለው ወጡ። የማዶውም ቢሆን «ያለ ነገር አይመጡም» ብሎ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ይሰልላቸው ነበር።

የተፈራው አልቀረም። የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ቤት በሩ ሳይሰበር ተሰረቀ፤ ቁልፉን በማዶው ሱቅ የሠሩት ደግሞ ጋሽ ቁልፉ ነበሩ። ፖሊስ መጣ፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ፣ የድሮው ወሬ አንሰራራ። ያኔ የማዶው ከሰው መሀል ወጣ። «እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ተደብቄ ሳያቸው ነበር» አለ። «ነጋዴው ቸኩሎ ሄደ። እሳቸው ብቻቸውን ቀሩ፤ ሰሙን ጨፈለቁት። ድሮ ያወራሁት ውሸት ነው።» ሌባውም በኋላ ከነጋዴው ከራሱ ቤት ተገኘ።

ባለቤታቸው ግን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ከዚያም በኋላ የማዶውን አላመኑትም። እሁድ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ቁም ሣጥናቸውን ይቆልፉ ነበር። ጋሽ ቁልፉም ያንን ቁልፍ የሠራው እሱ ራሱ መሆኑን ትንፍሽ አላሉም።

አምና ጋሽ ቁልፉ በኩላሊት ሕመም አልጋ ሲይዙ፣ የማዶው በተራው የራሱን ሱቅ ከሰዓት እየዘጋ ሥራቸውን ሠራላቸው። ባለቤታቸው በጓዳው በር ስንጥቅ ሲጠብቁት ከረሙ። ያዩት ነገር ቢኖር፣ ደንበኛው ከሄደ በኋላ ብቻውን ሰም ሲጨፈልቅ ነው።

ጋሽ ቁልፉ በዚህ ወር በሰባተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ንጋት ላይ በ73 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው በኀዘን ላይ ናቸው። ትናንት የማዶው የጋሽ ቁልፉን ሱቅ ቁልፍ ሊያስረክብ መጣ። ባለቤታቸው ቁልፉን መልሰው መዳፉ ላይ አኖሩለት፤ ከስንት ዘመን በኋላም በስሙ ጠሩት።

ጌታ ሆይ፣ ለወዳጅም ለባላንጣም በር ሲከፍቱ ለኖሩት አገልጋይህ በርህን ክፈትላቸው። አሜን።