ከዲፈረንሻሉ የወጣው ሰጋቱራ

አባዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ። ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም፤ ይህን የምጽፍልህ ተቆጥቼብህ ነው።

እማዬ ጉልበቷ ስለደከመ ቀወት እህቷ ዘንድ ሄዳለች። የሸዋሮቢቱን ጋራዥ እኔ ይዣለሁ። ሴት ልጅ የብሎን መፍቻ ኪያቬ ይዛ ብለው የሳቁት ሰዎች አሁን ባጃጃቸውን እየገፉ እኔው ጋ ይመጣሉ።

ቀይዋ ባለሁለት በር ስፖርት መኪናህ ግን ማንጎው ሥር ቆማ ነው የከረመችው። የከተማውን ሙሽሮች ሁሉ ያመላለሰች መኪና አቧራ ለብሳ ሳያት ይከፋኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ለልጁ ሠርግ ስጪኝ ብሎ ለመነኝ፤ እሺ አልኩና ዘይቷን ልቀይር ገባሁ። የሞተሩን ጨርሼ ወደ ኋላ፣ የኋላ ጎማዎቹን ወደሚያዞረው ዲፈረንሻል ሄድኩ። እሱን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር። መኪናውን በክሪክ አስነስተኸኝ፣ ኪያቬ አስቀብለኸኝ፣ እዚያ ስትደርስ ሻይ ግዢ ብለህ ትልከኛለህ።

የዘይት መክደኛውን፣ ታፖውን ስፈታ ዘይቱ አልወርድ አለኝ። በሽቦ ስቆረቁረው እንደ ገንፎ የወፈረ ጥቁር ነገር እየተቆራረጠ ወደቀ። በጣቴ አሸሁት። ሰጋቱራ ነው፤ ጥርሱ የተበላ ዲፈረንሻል ጩኸቱ እንዲጠፋ ሌቦች የሚጠቀጥቁት የእንጨት ብናኝ። ሌቦች የሚለው ቃል የእኔ አይደለም፤ ያንተ ነው።

ከድርን ነበር እንዲህ ያልከው፣ ሠራተኛህን፣ እጮኛዬን። የአንድ ደንበኛ ሚኒባስ ተከፍቶ ሰጋቱራ ሲገኝበት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሌባ ብለህ አባረርከው። ኒካሃችን ሊታሰር ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ሰጋቱራ የሚከት ሰው ልጄን አያገባም አልክ። እኔም አመንኩህ። ስልኩን አላነሳሁም፤ የላካቸውን ሽማግሌዎች ፊት ነሳሁ። ይኸው ስድስት ዓመቴ።

ዲፈረንሻሉን አጥቤ አዲስ ዘይት ሞላሁና እየጮኸች ወደ ካራቆሬ ነዳኋት። ከድር እዚያ ትንሽ ጋራዥ አለው፤ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። ጩኸቷን ሰምቶ ወጣ። አንዴ መኪናዋን፣ አንዴ እኔን አየ። ሰጋቱራው ያንተም ሥራ መሆኑን ያኔ ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት።

«ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። የሚኒባሱንም ክተት ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ስለ አባትሽ ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለኝ።

ስምህን ለማትረፍ እሱን ሸጥከው፤ ከሱ ጋር እኔንም። ታመህ ተኝተህ እግርህን ሳሽልህ እንኳ ትንፍሽ አላልክም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ብትነግረኝ ኖሮ እጮህብህ ነበር፣ አለቅስ ነበር፣ ከዚያ እግርህን ማሸቴን እቀጥል ነበር።

ለጎረቤታችን መኪናዋ እንደምትጮኽ፣ ከፈለገም እንደዚሁ እንዲወስዳት ነገርኩት። ወሰዳት።

አልረሳህም አባዬ። ክሪክ ስታስተምረኝ እንዳልጎዳ እጅህን ከእጄ በላይ ታደርግ የነበረውንም አልረሳም። ዱዓም አላቋርጥብህም። ከድር ቀብርህ ላይ ነበር አሉ፤ ሼኹ ሐቅ ያላችሁበት አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት ሲሉ ከኋላ ቆሞ አውፍ ብሎሃል። እኔ ሴት ነኝና ቀብር አልወጣሁም፤ የጠየቀኝም የለም። አንተ ራስህ ብትጠይቀኝ ግን፣ እኔ አውፍ ለማለት ገና ነኝ።